ድምጿን እየቀነሰች የምትቆጥረው ሸክላ

ከመካነ ሰላም ከተመለስኩ ወዲህ ሱቄ የሚገባ ሰው ሁሉ የዘፈን ሸክላ መግዛቱን ትቶ «እስቲ ያንን ጉዞ አውራን» ይለኛል። ለአንዱ ስጨርስ ሌላው ይገባል። ጉሮሮዬ ከመድከሙም በላይ፣ በተናገርኩት ቁጥር በቅሎዋ ይበልጥ ክፉ፣ ገደሉም ይበልጥ ጥልቅ እየሆነ መጣ። ስለዚህ እውነቱ ጨርሶ ሳይጠፋ በወረቀት ላስቀምጠው ብያለሁ። የሰፈሬ ሰዎች፣ በተለይ ከጉለሌ ተነስታችሁ ከሰንዳፋ ያላለፋችሁ፣ ተቀመጡና አንብቡ። እኔ እንደሆንኩ ሁለተኛ በቅሎ ላይ አልወጣም።

ነገሩ የመጣው በባለቤቴ ታላቅ ወንድም በአስፋው ነው። አስፋው መካነ ሰላም ትንሽ ሱቅ አለው። ከሱቁ ሌላ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የሸክላ ማጫወቻ አለውና ለሠርግ ያከራያል፤ ማጫወቻውን የሸጥኩለት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከወሎ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ሱቄ ገብቶ አስፋው በሸክላ ምክንያት ታስሯልና ድረስለት ተብለሃል አለኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ሰው በመሬት፣ በጠመንጃ፣ በምላሱ ይታሰራል እንጂ በሸክላ ሲታሰር ሰምቼ አላውቅም። ሾፌሩ ግን አልሳቀም። የአስፋው ቤት ሲፈተሽ አልጋ ሥር ዘፈን የሌለባቸው ሸክላዎች መገኘታቸውን፣ አንዲት ሴት ቁጥር ብቻ እንደምትጠራባቸው፣ ቀበሌውም የሸፈቱ ባላባቶች የሚላላኩበት ምስጢር ነው ብሎ እንደያዘው ነገረን። ወደ ደሴ ሊልኩትም ነው አለ።

ይህ የሆነው ወደ ገጠር የተላኩት ዘማች ተማሪዎች ገና ከየወረዳው ሳይመለሱ ነው። ያኔ ወደ ደሴ መላክ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። የተላከ ሰው ጉዳዩ ቶሎ አይታይም፤ ሳይታይለት የቀረም አለ። ባለቤቴ ብርቄ ሱቁ ውስጥ ካለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለችና «አንተ ሸክላ ታውቃለህ፤ ሂድና ምን እንደሆነ ንገራቸው» አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሸክላ ስሸጥና ማጫወቻ ስጠግን ኖሬ አላውቅም ልላት አልቻልኩም። አጉሊ መነፅሬንና ጥቂት መርፌዎች ይዤ ተነሳሁ።

ቅዳሜና እሑድ

የደሴውን አውቶቡስ ብዙ አላወራውም። ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ገባን፣ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው እስከ ኮምቦልቻ ትከሻዬ ላይ ተኛ፣ ማታ ደሴ ደረስን። ያደርኩበት አልቤርጎ ብርድ ልብሱ ከኛ ቤት የጠረጴዛ ልብስ ይሳሳል። በጉለሌ ብርድ ስታማርሩ የኖራችሁ ሰዎች ደሴን ብታዩ አፋችሁን ትይዙ ነበር።

እሑድ ጧት መኪና ተራ ሄጄ በአቅስታ በኩል መካነ ሰላም የሚሄድ መኪና ብጠይቅ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ክረምቱ ዘግይቶ ስለወጣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ተዘግቷል። ያን መንገድ ረገምኩት፤ የሠራውንም፣ የማይጠግነውንም አብሬ ረገምኩ። አንድ ሾፌር አዘነልኝና ጨውና ሳሙና ጭኖ በወረኢሉ በኩል ደጎሎ እንደሚሄድ፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ በከላላና በወግዲ ዞሬ መድረስ እንደምችል ነገረኝ። በበቅሎ ሲል ቀላል አድርጎ ነበር የተናገረው።

ሰኞ

ከጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ እስከ ደጎሎ ሄድኩ። መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲገባ ሁሉም ወርዶ ይገፋል፤ እኔም ስገፋ ቀኝ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ከተሳፋሪዎቹ አንዲት አሮጊት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተው ጎትተው አወጡልኝና ኩሬ ውሃ ላይ አጥበው ሰጡኝ። አዲስ አበባ ቢሆን ጫማዬ ሲጠፋ የሚያየኝ ሰው እየሳቀ ያልፋል፣ እኔም አልፍ ነበር። እሳቸው ግን ጫማውን ሲያቀብሉኝ «አብሽር ልጄ» አሉኝ። አንገታቸው ላይ ማተብ አስረዋል፤ ያም ሆኖ አብሽር አሉኝ። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም እስላሙም አይዞህ ሊል ሲፈልግ የሚላት ቃል ይህች ናት፤ በዚያ ሳምንት ስንት ሰው እንዳለኝ አልነግራችሁም።

የደጎሎ ሜዳ ገብሱ እስከ ዓይን ማለቂያ ድረስ አረንጓዴ ነበር። ሾፌሩ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው እያሳየኝ፣ በክፉው ቀን፣ በረሃቡ ጊዜ፣ ይኸ ሁሉ ባዶ አፈር እንደነበር ነገረኝ። ይህን እንደተናገረ ወዲያው ስለ ጎማ ዋጋ ማውራት ጀመረ።

ማክሰኞ

ደጎሎ ላይ ያገኘሁት ባለ በቅሎ ሰይድ ይባላል፤ የከላላ ሰው ነው፣ በኔ ዕድሜ፣ ወሬ የሚወድ። ጭነት አድርሶ ባዶውን ሊመለስ ነበርና እኔን በጭነቱ ምትክ ወሰደኝ። በቅሎዋ ልዩነቱ አልገባትም። ወደ ወንዙ ቁልቁል ስንወርድ ከአንገቷ በላይ አልፌ እወድቃለሁ ብዬ ጋማዋን ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ። ሽቅብ ስንወጣ ደግሞ በጅራቷ በኩል የምወርድ መሰለኝ። ሰይድ ወላሂ እሷ ሰው ጥላ አታውቅም ባለኝ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የሾህ ቁጥቋጦ ላይ ጣለችኝ። እሱም ከሾሁ ሲያወጣኝ ሰው ስላልመሰልካት ይሆናል አለኝ።

በመንገዱ ላይ ደጃፋቸው ሣር ያበቀለ ቤቶች ነበሩ። መጀመሪያ ሲያያቸው ሰይድ የባለቤቶቹን ስም ይነግረኝ ነበር፤ ኋላ ግን ሲበዙበት ተወው። እኔም አልጠየቅሁም።

ከላላ ሰይድ ቤት አደርኩ። ሚስቱ ከድጃ ዶሮ ይዛ ወጣችና ጎረቤት ያሉትን ክርስቲያን አስጠርታ እንዲያርዱልኝ አደረገች፤ እሳቸው ባርከው አረዱ፣ የእሳቸው ሚስት ሠራችው፣ እነ ሰይድ ለራሳቸው ሽሮ አቀረቡ። እኔን ለማብላት ሁለት ቤት ተንቀሳቀሰ። ለእኔ ይህን ያህል ለምን ትደክማላችሁ ስል ከድጃ የመለሰችልኝን ነገር አልረሳውም።

«በክፉው ቀን መንገደኛ ሲያልፍ ኮቴውን ስንሰማ በር ዘግተን እንደ ሌለ ሰው ዝም እንል ነበር። የምናቀምሰው አልነበረንማ። ዛሬ በር ከፍተን ግባ ማለት ደረሰን፤ አንቱ ደግሞ አትድከሙ ይላሉ። በሞቴ፣ ይብሉ።»

ሰይድ እነሱ የሚጠጡትን የገብስ ቀሪቦ ቀዳልኝ። የማያሰክር ጠላ በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር እንደ ከድጃ ቤት በልቶ የጠገበ ሆድ ይዤ አዲስ አበባ ውስጥም ተኝቼ አላውቅም።

ረቡዕ

ሰይድ መካነ ሰላም ድረስ ላድርስህ ብሎ አብሮኝ ወጣ፤ ወደ ወግዲ ስንሄድ ዝናብ ያዘን። የተጠለልንበት የገበሬ ቤት ባለቤት ገና ከደጅ ሳለሁ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝና እሳቸው በሸሚዝ ቀሩ። ጾም ስለነበረ ባቄላ ቀቅለው አቀረቡልን። ወዴት እንደምሄድ ስነግራቸው ባልየው ቀና አሉ። የአስፋው ሸክላ ወሬ ከእኔ ቀድሞ ወግዲ ደርሷል፤ ደግሞም መንገድ ላይ አድጓል። አንዳንዱ ሴትየዋ የተደበቀ ጠመንጃ ትቆጥራለች ይላል። ሌላው ደግሞ በክፉው ቀን የሞቱትን ነው የምትቆጥረው ይላል።

እሳት ዳር ድስት ሲያማስሉ የነበሩት ሚስትየዋ ዞር አሉ። «ስማቸውንም ትጠራለች?» ብለው ጠየቁኝ።

ገና አልሰማኋትም፣ ግን ቁጥር ብቻ ነው የምትለው ይባላል አልኳቸው። «እንግዲያውማ የኛዎቹን አይደለም» አሉና ወደ ድስታቸው ተመለሱ። ከዚያ ቤት ስወጣ ሸክላው ላይ የመሳቅ ፍላጎቴ ጨርሶ ጠፋ።

ሐሙስ

መካነ ሰላም ከሰዓት በኋላ ገባን። ከበቅሎ ስወርድ እግሮቼ አልገጥም ብለው እንደ ዳክዬ እየተራመድኩ ነው አስፋው ቤት የደረስኩት። ሚስቱ ዘነቡ አቅፋኝ ስታለቅስ ቆየችና እግሬን ካላጠብኩ ብላ ተንበረከከች። እኔ ልረዳት ሄጄ እሷ እኔን ስትረዳ መሸ ልል ትንሽ ቀረኝ።

አስፋው የታሰረው ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ነው። ከስቶ ነበር፤ ሆኖም ሲያየኝ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ብርቄ ጤና ነው። ሸክላዎቹን ከየት እንዳመጣቸው ነገረኝ። በክፉው ቀን በተራቡት ሰዎች መጠለያ ክሊኒክ ውስጥ ዕቃ ጠባቂ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ እዚያ የሚሠሩት የውጭ አገር ሐኪሞች ሲሄዱ አንድ የሸክላ ሳጥን ጥለው ሊሄዱ ሲሉ ስጡኝ ብሎ ወሰደ። ዘፈን ይሆናል ብሎ ነው። ቤት ወስዶ ሲያጫውተው ቁጥር ሆነበት፤ ሸክላ መጣል ደግሞ አልሆንልህ አለው። እኔም ብሆን አልጥልም ነበር። ሐኪም ሸክላ የሚሰማው ሥራ ሲሰለቸው ነው ብዬ ነገሩን አለፍኩት፤ ያለፍኩትም በሞኝነቴ ነው።

ወደ ደሴ የሚልኩት መቼ እንደሆነ ስጠይቀው የአቅስታ መንገድ እንደተከፈተ ነው አለኝ። እሑድ ዕለት ስረግመው የነበረውን መንገድ እዚያው መጋዘን በር ላይ ቆሜ መረቅሁት። ጭቃው እንዲበረታ፣ መንገድ ጠራጊው መኪና ባለበት እንዲሰበር ለመንኩ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጋሽ ሞላ ረጅም፣ ሽበታም፣ ከተማው ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ከአጠገባቸው የማይጠፋው ዘማች ጌትነት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ፊቱ ላይ ጢም ገና እየሞከረ ነው። ሽማግሌው ብዙ አይናገሩም፣ ጌትነት ስለ ሁለቱም ይናገራል። ነገ ሸክላውን አሰሙኝ፣ ምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ አልኳቸው። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም ያ ሁሉ ድፍረት።

ዓርብ

ቀበሌው ግቢ ስደርስ የማጫወቻው የባትሪ ድንጋዮች ጠፍጣፋ አለት ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ አንድ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ይጠብቃቸዋል። ደካማ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ሲነካው እንደሚነቃ እናንተም ታውቃላችሁ። እነዚህ ግን በቀን ብዙ ጊዜ ይሞቁ ነበር፣ ምክንያቱም የሴትየዋ ድምፅ በተጫወተ ቁጥር እየደከመ ስለሚሄድ ጥፋቱ የድንጋዩ መስሏቸዋል። ድንጋዮቹ ከአስፋው የተሻለ ፀሐይ አግኝተዋል።

ሸክላው ከባድና ጥቁር ነው፣ የድሮ ሥራ። መሐሉ ላይ ከቁጥር በቀር ጽሑፍ የለውም፣ ዘፋኝም ኩባንያም የለም። ኮሚቴው፣ ዘነቡና ጥቂት ጎረቤት ተሰበሰቡ። መርፌውን አስቀመጥኩ። እንደ አስተማሪ ረጋ ያለች ሴት በጥሩ አማርኛ «ሰባት፣ ሁለት፣ አምስት» አለች። ዝም አለች። «ዘጠኝ፣ አንድ፣ አራት።» አሁን ትንሽ ዝቅ አለች። ከእያንዳንዱ ዝምታ በኋላ ድምጿ አንድ እርምጃ ይርቃል፤ ከደጅ እየቆጠረች ወደ ጓሮ የምትሄድ ትመስላለች። ጥቂት እንደቆየ ጋሽ ሞላ እጃቸውን አነሱና «አለቀ» አሉ። ሁሉም አለቀ አሉ። እኔም አልሰማሁምና አለቀ አልኩ።

ጌትነት ግን አላለቀም አለ። ሽማግሌው ፊታቸው ተኮሳተረ። ይኸ ልጅ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ያልተባለ ነገር ሰማሁ ይላል አሉኝ። ሌላው ሰው መሬት መሬት ያያል። እኔ ሸክላውን አንስቼ አጉሊ መነፅሬን ዓይኔ ላይ አደረግኩ። የሸክላ መስመር ላይ ድምፅ ሲኖር መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁ ባነሰ መጠን መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። እኛ አለቀ ካልንበት ወዲያ መስመሩ በጣም በጥቂቱ፣ ግን በሥርዓት ይንቀጠቀጥ ነበር። እንደ ሞኝ ያየሁትን ተናገርኩ። ልጁ እውነቱን ነው፣ ድምፅ አለ፤ ድንጋዩም አልደከመም፣ ሲቀረጽ ጀምሮ ሆን ተብሎ ነው ድምፁ የተቀነሰው አልኩ።

ጌትነት «ሆን ተብሎ» የሚለውን ቃል እንደ ምስክርነት ቃል ደጋገመው። የሚደብቁት ነገር ባይኖር ለምን ድምፅ ይቀንሳሉ አለኝ። ጋሽ ሞላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ መንገዱ ሲከፈት ይሄዳል አሉና ተነሱ። አስፋው በመጋዘኑ መስኮት ያየኝ ነበር።

ማታ ዘነቡ አንድም ነገር አልወቀሰችኝም። እራት አቀረበችና አብሽር አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

ጋሽ ሞላ እንግዳ ነዎትና ምሳ እኔ ቤት ይበሉ ብለው ላኩብኝ። ያሰሩት ሰው ዘመድም ቢሆን እንግዳ እንግዳ ነው። ስገባ ሚስታቸው ወይዘሮ የሺ በጆሮዬ «በቀኛቸው ይቀመጡ፤ በግራ በኩል ከግድግዳ ጋር ማውራት ነው» አሉኝ። ከዚያም ቀና ብለው ባላቸውን ሲጠሩ ድምፃቸው ገበያ የሚጣሩ ያህል ነበር። እንጀራውን ሲቆርሱም ይጮኻሉ፣ በሞቴ ሲሉም ይጮኻሉ። ሽማግሌው ደግሞ ሚስታቸው እንደሚጮኹ የሚያውቁ አይመስሉም።

እየበላን ጋሽ ሞላ ያላሰብኩትን ነገር አወሩኝ። ክፉው ቀን ካለፈ፣ በተለይ ደግሞ እሳቸው ከተሾሙ ወዲህ ሰው ከእሳቸው ጋር ሲሆን ድምፁን እንደሚቀንስ ነገሩኝ። ሲገቡ ዝቅ ይላል፣ ሲጠይቁት ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። አስፋውም ሱቁ ስገባ ከሰው ጋር ሲንሾካሾክ አገኘው ነበር አሉ። ከዚያም፣ «ያቺ የሸክላዋ ሴትዮ ከእነሱ በምን ትለያለች? እኔን ስታይ ትቀንሳለች» አሉ፤ ይህን ሲሉ ቁጣ ሳይሆን ኀዘን ነበር ፊታቸው ላይ።

ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ፤ ለካ የደከመው የሽማግሌው ጆሮ ነው። ሸክላው ስለ ማንም ምስጢር አይናገርም። ሸክላው ጆሮ ይለካል። ሴትየዋ ድምጿን የምትቀንሰው የሚሰማት ሰው ጆሮ እስከየት እንደሚደርስ ለማወቅ ነው። ከተማው ሽማግሌውን አክብሮ፣ አለቀ ሲሉ አለቀ እያለ የማይሰሙትን ነገር ሁሉ ሸፍኖላቸው ኖሯል፤ ያላከበራቸው ከሌላ አገር የመጣው ጌትነት ብቻ ነው።

ከምሳ በኋላ ወደ መጋዘኑ በረርኩ ማለት ይቻላል፣ በዳክዬ እግሬ። እነዚያ ሐኪሞች ምን ያክሙ ነበር ብዬ አስፋውን ጠየቅሁት። ከክፉው ቀን በፊት በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ የልጆች ዓይንና ጆሮ ያዩ ነበር አለኝ። ለምን አልነገርከኝም ስለው፣ አልጠየቅኸኝማ አለ። በዘመዳችን ላይ ያን ዕለት ብቻ ልጮህበት ከልቤ ፈለግሁ።

ጭንቁ ግን አሁን መጣ። ሽማግሌ ሊቀመንበር በሕዝብ ፊት አንቱ ደንቆሮ ነዎት ይባላል? ቢባሉ አፍረው አስፋውን ያንኑ ዕለት በእግሩ ይልኩታል። ስለዚህ የራሴን ጆሮ ላስቀድም ብዬ ወሰንኩ። ኮሚቴውን ሰብስቤ ይህ ሸክላ ጆሮ መለኪያ ይመስለኛል፣ መጀመሪያ በእኔ ይሞከር አልኩ። ጀርባዬን ለማጫወቻው ሰጥቼ እጄን አነሳሁ፤ ድምጿ ሲጠፋኝ አወርዳለሁ። ጌትነት መርፌውን አስቀመጠ። ሰባት፣ ሁለት፣ አምስት። ዘጠኝ፣ አንድ፣ አራት። ሁለት ሦስቴ ከተናገረች በኋላ ጠፋችብኝና እጄን አወረድኩ። ዞር ስል ሁሉም ይስቃሉ፣ ሴትየዋ ገና አልጀመረችም ማለት ይቻላል አሉኝ። ዕድሜ ልኬን የሰው ሸክላ ስሰማ የኖርኩት ሰውዬ ከሁሉም በፊት ደንቁሬ ተገኘሁ። ሳቁ እውነተኛ ሳቅ ነበርና እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ጋሽ ሞላ ዱላቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ተነሱ። ሁላችሁም ከእኔ ጋር ቁሙ አሉ። ኮሚቴው፣ ዘነቡ፣ ዘበኛው ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተው እጃቸውን አነሱ። ሸክላው ጀመረ። የሽማግሌው እጅ እኔ ያወረድኩበት ቦታ ላይ ወረደ። ወዲያው ደግሞ ምን እንዳሰቡ እንጃ ዞር አሉ። የሁሉም እጅ እንደ ቆመ ነበር።

እሳቸው መዞራቸውን ሲያዩ ሰዎቹ አንድ በአንድ እጃቸውን ማውረድ ጀመሩ፣ እንደ ልማዳቸው።

«ተዉ፣ አታውርዱ» አሉ ጋሽ ሞላ። «እስክትጠፋችሁ ድረስ ያዙ።»

እጆቹ ተመልሰው ወጡ። ሽማግሌው እጆቹን እያዩ ቆሙ፤ ሌላው ሰው የሚሰማውን እሳቸው በዓይናቸው ይቆጥሩ ነበር። አንዱ እጅ ወረደ፣ ቆይቶ ሌላው። ዘነቡ ቆየች። ከሁሉም በኋላ የጌትነት ብቻ ቀረ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማውን ይደግም ነበር፣ ሦስት፣ ስምንት፣ አንድ፣ እያለ። በመጨረሻ እጁን አወረደና ከቁጥር በቀር ምንም የለም አለ። ትንሽ አሰበና ከመጣሁ ጊዜ ጀምሮ ሲናገር ካየሁት ሁሉ የሚሻለውን ተናገረ፤ የሸፈቱት ባላባቶች ሁሉ ሽማግሌ ናቸው፣ ይህን የሚሰማ ጆሮ የላቸውም አለ። ሸክላው ሲቀጥል ሴትየዋ እንደገና ከመጀመሪያው ከፍ ብላ ቆጠረች፣ ለሚቀጥለው ልጅ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲያ የሚጠራጠር አልተገኘም።

ጋሽ ሞላ ግን ሌላ ነገር ነበር የያዛቸው። «ስንት ጊዜያችሁ ነው» አሉ ለሕዝቡ፣ «እንዲህ ስታደርጉልኝ?» ወይዘሮ የሺ ከአጥሩ ማዶ ያለቅሱ ነበር። «እንግዲያው የሸሸኝ የለም ማለት ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ለራሳቸው ያህል። ዱላቸውን አንስተው ወደ መጋዘኑ ሄዱና በሩን በእጃቸው ከፈቱ።

አስፋው ሲወጣ ዘነቡ መሬት ላይ ተቀምጣ መሬቱን ሳመችው። እኔም ከብዙ ቀን በኋላ ትከሻዬ ወደ ቦታው ሲመለስ ታወቀኝ። እንዲያ ያለ እፎይታ ሰክሬም አግኝቼ አላውቅም። ያን ምሽት አስፋው ቤት ጎረቤቱ ሁሉ ሸክላውን ካልሰማን ብሎ እጁን እያነሳ ተለካ። ሳጥኑን ሰኞ ትምህርት ቤት ወስዶ የልጆቹን ጆሮ ሊለካበት ጌትነት ራሱ ጠየቀ።

እሑድ

ጧት ከአቅስታ በኩል የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። መንገዱ ተከፍቷል። አስፋውን ሊወስድ ይችል በነበረው መኪና እኔ ተሳፍሬ ልመለስ ሆነ፤ በቅሎ ከእንግዲህ የለም። ሰይድ ወሬው ገርሞት እስከዚያ ድረስ አልሄደም ነበርና በቅሎዋን አምጥቶ ካልተሰናበትካት አለኝ። በሩቁ ተሰናበትኳት።

መኪናው ጭቃውን ፈርቶ ከከተማው ውጭ ቆሟል። ጋሽ ሞላ ልሸኝዎ አሉና አስፋው ጓዜን ይዞ ከኋላ እየተከተለን ሁለታችን ፊት ፊት ሄድን። ትናንት በጣታችን አንድ አንድ ጆሯችንን እየደፈንን ስንሞካከር የእሳቸው የሚበልጠው ጉዳት ግራው ጆሮ ላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ የእኔም ግራው ነው፣ ከድምፅ ማጉያ ጎን ስቀመጥ የኖርኩበት። ጎን ለጎን ስንሄድ እንግዲህ ሁልጊዜ አንዳችን አንሰማም። ትንሽ ቦታ እየተቀያየርን ተሽከረከርንና በኋላ ጋሽ ሞላ ዳኝነት ሰጡ። እስከ ወይራው ዛፍ እሳቸው በቀኜ ሆነው ያወራሉ፣ ከወይራው ወዲያ በግራዬ ሆነው ይሰማሉ።

እስከ ወይራው ያወሩት ስለዚያው ነው። በየሱቁ፣ በየደጀ ሰላሙ ሰው ሲስቅ ከሩቅ አይተው ሲደርሱ ዝም የሚል እየመሰላቸው ስንት ሌሊት እንዳልተኙ ነገሩኝ። አሁን የሰው ፊት ሁሉ ሌላ ሆኖ ታየኝ አሉ። በዚያ ጊዜ ሊቀመንበር ሲመጣ እውነትም ድምፁን የሚቀንስ ሰው እንደነበረ እኔም አስፋውም እናውቃለን። ይህን አልነገርኳቸውም፤ የሚበቃቸውን ያህል ሰምተዋል።

ወይራው ዘንድ ስንደርስ ቆሙና ዞረው በግራዬ መጡ። ተራው የእኔ ሆነ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል። ሽማግሌው ደህናውን ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው ጠበቁኝ። እኔም ድምፄን ሳላነሳ፣ ቤቴ ከብርቄ ጋር እንደማወራ አድርጌ፣ «ጋሽ ሞላ፣ አስፋውን አደራ» አልኳቸው።

ጋሽ ሞላ እጄን ያዙ።

«ሰምቻለሁ» አሉ።